አባቱ ሞኝ አይደለም

ሰቆጣ ስደርስ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እስከ ኮረም በጭነት መኪና፣ ከኮረም ወዲህ በበቅሎ መጥቼ፣ ከበቅሎዋ ከወረድኩ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ቀጥ ብዬ መራመድ አልቻልኩም። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ገና አቧራዬን ሳላራግፍ የሦስተኛ ክፍልን አማርኛና ሒሳብ ሰጡኝ። ጥር ላይ ደግሞ ሰኔ ለሚውለው የወላጆች ቀን ቴአትር የሚያዘጋጀው ኮሚቴ አባል አደረጉኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ ስጠይቃቸው፣ «ታሪኩ የሴት ልጅ ነገር አለበት፤ ሴት ብትኖርበት መልካም ነው» አሉኝ። ከዚያ በፊት ቴአትር ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ደሴ፣ ሁለቱንም ከኋላ ቆሜ።

አምስት ነበርን። ዲሬክተሩ ከጎንደር የመጡ፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ፣ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። የሳይንስ መምህሩ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ፈጣንና ጨዋታ ወዳድ ነው፤ ድርሰቱን የሚጽፈው እሱ ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የሰቆጣ ተወላጅ ነው። አማርኛውንም፣ ያኔ እኛ መጤዎቹ አገውኛ እያልን የምንጠራውን ኽምጣንጋንም እኩል ይናገራል፤ በስብሰባ ላይ ግን ቃለ ጉባኤ ከመጻፍ በቀር ድምፁ አይሰማም። አራተኛዋ እኔ ነኝ። አምስተኛው የወላጆች ተወካይ ነበሩ፤ በአምደወርቅ መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ ካለው መንደር የሚመጡ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን እኛ ዘንድ የሚያስተምሩ ገበሬ። አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ዐረፍተ ነገራቸው አጭር ነው። ቃል አያባክኑም።

የሳይንስ መምህሩ ድርሰቱን ጽፎ አመጣና አነበበልን። አንዲት ልጅ ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጋለች። አባቷ ሰካራም ነው፤ «አልልክም!» ይላል፤ በትር ያነሣል። በመጨረሻ ከፍርድ ቤት የመጣ መጥሪያ ማንበብ አቅቶት በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ይቀርና መሬቱን ይነጠቃል። ያን ጊዜ አንድ መምህር ይመጣና፣ «አየህ፣ ልጅህ ብትማር ኖሮ!» ይለዋል። አባትየው ያለቅሳል። ሕዝቡ ያጨበጭባል።

ዲሬክተሩ ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ የመምህሩን ድርሻ እሳቸው እንደሚጫወቱ ሁላችንም ገብቶን ነበር። ገበሬው ግን በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«አባቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉ ዲሬክተሩ፣ ለወጉ ያህል።

«አባቱ ሞኝ አይደለም» አሉ።

«እንዴት?»

«አልልክም ይላል። ለምን እንደማይልክ አልተናገረም። ሰካራም አደረጋችሁት፤ እኔ የማልልከው ሰክሬ አይደለም። ይሄን ሰው ሳታውቁት ነው የምትቀጡት።»

የሳይንስ መምህሩ ሳቀ። «ታዲያ ምን ይሁን? አባትየው ይርታ?»

«አዎ። ይርታ።»

ዲሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በወላጆች ቀን የአውራጃው ሹማምንት በተገኙበት ሴት ልጅ አትማር የሚል ሰው አሸንፎ ሲወጣ በዓይነ ኅሊናቸው እንደታያቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። «ድምፅ እንስጥ» አሉ። አራት እጅ ወጣ። የእኔም ነበረበት።

ገበሬው እጆቻችንን አንድ በአንድ አዩና፣ «መልካም» ብለው ተነሥተው ሄዱ። የማይመለሱ መስሎን ነበር። በሳምንቱ ግን ያንን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፤ ተራ ሲደርሳቸውም፣ «አሁንም አይደለም እላለሁ» አሉ። በሦስተኛው ሳምንት እንዲሁ።

ዲሬክተሩ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ይኸው ይናገሩ፤ አባትየው ምን ይበል? እርስዎ አባትየውን ይሁኑና ይንገሩን።»

ገበሬው ተነሡ። ኩታቸውን፣ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ተሟጋች፣ በደንብ አጣፉ። በትራቸውን ወደፊት ዘረጉ።

«ውኃው ሩቅ ነው። እናቷን ጉልበቷን ያማታል። ይቺ ልጅ ጠዋት ካልቀዳች ቤቴ ውኃ የለም፤ ከብት የሚያግድ ታናሽ ወንድሟም ቁርስ የለውም። ወንዱን ላክሁላችሁ፤ ወንድ ቢማር ጸሐፊ ይሆናል፣ ዳኛ ይሆናል። ሴት ዳኛ አለች ወይ? አሳዩኝ። የለችም። የተማረች ሴት ያየሁት አንድ ነው፤ ይቺ መምህርት ናት። አባቷ የት ነው? ደሴ ነው። ዛሬ ቢታመም ውኃ የሚያቀብለው ማን ነው? እኔ ልጄን ጠልቼ አይደለም። እኔ የማጣውን አውቃለሁ፤ እናንተ የምትሰጡኝን አላወቃችሁም።»

ተቀመጡ። ጸሐፊው መጻፉን ትቶ ነበር።

የሳይንስ መምህሩ፣ እንደ ልጅቷ ሆኜ እመልሳለሁ ብሎ ተነሣ። «አባቴ ሆይ፣ ትምህርት ብርሃን ነው…» ብሎ ጀመረና ራሱ በራሱ ሳቀ። እኔም ሞከርኩ። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ አገር ተናገርኩ። ገበሬው በጥሞና ሰሙኝና፣ «ውኃውንስ?» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ያን ቀን ተናድጄ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። የተናደድኩት ተሳስተው ሳለ በመርታታቸው ነበር። እኔ ራሴ ሕያው ማስረጃ ሆኜ ቆሜ ሳለ እንዴት መልስ አጣለሁ? ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላ ነገር ይከነክነኝ ጀመር፤ የእኔ አባት ለምን ላከኝ? ጠይቄው አላውቅም ነበር። አባቴ ደሴ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ ማንበብም መጻፍም አይችልም። ደብዳቤ ጽፌ በነጋዴ እጅ ላክሁለት። «ትምህርት ቤት ለምን አስገባኸኝ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብቻ።

መልሱ የመጣው ከወር በላይ ቆይቶ ነው፤ በጎረቤት ተማሪ አስጽፎ። ቃል በቃል ባላስታውሰውም ነገሩ እንዲህ ነበር፤ እኔማ አልፈለግሁም። እናትሽ አንድም ቀን አልተከራከረችኝም። ብቻ አንድ ጠዋት ብነሣ አንቺ ትምህርት ቤት ሄደሻል፤ የአንቺን ሥራ ሁሉ እሷ ጨርሳው ተቀምጣለች። ምን ልበላት?

ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። ለዓመታት አባቴ አስተማረኝ እያልኩ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ኮሚቴው ፊት አነበብኩላቸው። የሳይንስ መምህሩ ዘሎ ተነሣ፤ «እናት! ቴአትራችን እናት የለውም!» አለ። እውነት ነው፤ ሁለት ወር ስንጨቃጨቅ አንዳችንም እናትየዋ የት ናት ብለን አልጠየቅንም። በሳምንቱ ለእናትየዋ ሁለት ገጽ ሙሉ ንግግር ጽፎ መጣ።

ገበሬው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄም አይደለም። ሴት እንዲህ አትናገርም። ከወሰነች ዝም ትላለች።»

«ታዲያ ዝም ብላ መድረክ ላይ ምን ትሠራለች?» አለ የሳይንስ መምህሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሦስታችን ሦስት ዓይነት አድርገን ነው የምናወራው። የመጨረሻው የእንስራ ትዕይንት ከማን እንደመጣ እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ከአባቴ ደብዳቤ የወጣ ይመስለኛል። የሳይንስ መምህሩ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ይላል። ዲሬክተሩ ደግሞ ሁለታችንም ተሳስተናል፣ ጸሐፊው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕሩን አስቀምጦ «ትሸከመው» ያለው እሱ ነው ይላሉ። ብቻ ስብሰባው ሲያልቅ መጨረሻው ተገኝቶ ነበር፤ አባትየው ይሟገታል፣ ያሸንፋል። ልጅቷ መልስ አጥታ እንስራዋን አዝላ ወደ ውኃው ልትሄድ ስትነሣ እናትየዋ ትመጣለች፤ ምንም ሳትናገር እንስራውን ከልጅቷ ጀርባ ፈትታ በራሷ ጀርባ ታዝለዋለች። በቃ። መጥሪያ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም፣ ስካር የለም።

ይህን ከአምስታችን ማንም ብቻውን አያመጣውም ነበር። ገበሬው የፈለጉት ይህን አልነበረም፤ እኛም የጀመርነው ይህን አልነበረም። እሳቸው እንኳን ሲያዩት፣ «አሁንም ልክ አይደለም፤ አባቱ ከረታ ረታ ነው» አሉ። ሆኖም ከዚያ ወዲያ መምጣታቸውን አልተዉም።

አባትየውን የሳይንስ መምህሩ ሊጫወተው ሞከረ። ክርክሩን በቃሉ አጠና፤ ከአፉ ሲወጣ ግን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ንባብ ሆነ። ስለዚህ ገበሬውን ለመንናቸው። ቴአትር ውሸት መሆኑን ይናገሩ ስለነበር እምቢ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ይሄ ውሸት አይደለም» አሉ። «የማምነውን ነው የምናገረው።»

እናትየዋን እኔ እንድጫወት ተወሰነ፤ አንድም ቃል ስለሌላት ቀላል መስሎኝ ነበር።

የወላጆች ቀን ሰማዩ ከብዷል፣ ዝናቡ ግን አልጀመረም። ሹማምንቱ ከፊት ወንበር ላይ፣ ወላጆች በግቢው ሣር ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው። ገበሬው ወጡና ኩታቸውን አጣፉ። በልምምድ ጊዜ ያላየሁት ነገር ሆነ፤ ሲሞቃቸው አማርኛው ጠበባቸው መሰለኝ ወደ ኽምጣንጋ ገቡ። ዲሬክተሩን ዞር ብዬ ባያቸው ላባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ፤ በትምህርት ቤት በዓል ላይ ሌላ ቋንቋ ተሰምቶ አያውቅም። ሕዝቡ ግን ወደፊት ተጠጋ። ወንዶቹ «እሰይ!» ይላሉ፤ በትራቸውን መሬት ይመታሉ። አንዱ ሹም ወደ ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ምን እንደሚሉ ሲጠይቀው አየሁ።

ልጅቷ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪያችን፣ አንገቷን ደፍታ እንስራውን አዘለች። እኔ ወጣሁ። ገመዱን ፈታሁ። እንስራው ባዶ ቢሆንም ከባድ ነው። አዘልኩትና ቆምኩ። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ገበሬው ግን አልጨረሱም። ወደ እኔ ዞሩና በድርሰቱ ውስጥ የሌለ ነገር ተናገሩ፤ «እስከ መቼ ነው የምትሸከሚው? ጉልበትሽ እስኪሰበር?»

ለድርሻዬ የተጻፈ አንድም ቃል የለም። ቆሜ አየኋቸው። ያኔ ከሴቶቹ ወገን አንዲት እናት ከተቀመጠችበት በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ጮክ ብላ፣ ሳትነሣ። ሴቶቹ በሙሉ በሳቅ ፈነዱ፤ እልልታውም ቀለጠ። ወንዶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ቀጥሎ እነሱም ሳቁ። ገበሬው አፋቸውን በኩታቸው ጫፍ ሸፍነው ወረዱ።

ምን እንዳለች ጸሐፊውን ስጠይቀው፣ «አንተም ጀርባ አለህ ነው ያለችው» አለኝ። ሌላ ቀን አንዲት ተማሪ ጠየቅሁ፤ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ፣ አፍራ። ገበሬውን ስጠይቃቸው፣ «ወደ አማርኛ አይመጣም» አሉና ወሬ ለወጡ። ስለዚህ የዚያን ቴአትር የመጨረሻ ቃል እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ገበሬው ሴት ልጃቸውን አልላኩም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከሌሎች መንደሮች የተወሰኑ ሴት ልጆች በሚቀጥለው መስከረም መጥተው ተመዘገቡ፤ በቴአትሩ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ማንም እርግጠኛ አይደለም።

በሁለተኛው ዓመት የገበሬው የውክልና ጊዜ አልቆ በምትካቸው የሰቆጣ ነዋሪ የሆኑ አንድ ትሑት ሰው ተመረጡ። እሳቸው ሁሉን ነገር «ደግ ነው» ይላሉ። ስለ ንጽሕና የሚናገር ድርሰት ተጻፈ፤ በሁለት ስብሰባ አለቀ። እንዴት ደስ የሚል ጊዜ ነበር! ማንም አልተቆጣም፣ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። የወላጆች ቀን ሲደርስ ግን ከተመልካቹ ግማሹ በመሀል እየተነሣ ሄደ። ዝናብ ፈርተው ነው ተባባልን። አንድ ጠብታ አልወረደም።

በሦስተኛው ዓመት ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ አንዳችን ሆነ ብሎ ይቃወም። የሳይንስ መምህሩ ተመደበ። የዚያ ዓመት ድርሰት የዲሬክተሩ ነበር፤ ኮረብታው ስለመራቆቱ፣ ዛፍ ቆርጠው ስለሚሸጡ ሰዎች፣ በመጨረሻም መጥቶ ስለሚመክራቸው መምህር። ድርሰቱ ተነቦ እንዳለቀ የሳይንስ መምህሩ ተነሥቶ ኮቱን እንደ ገበሬው ኩታ አጣፋ፤ «አይደለም እላለሁ!» አለ። ሳቅን። «ለምን?» አሉ ዲሬክተሩ እየሳቁ። «መቃወም ስላለብኝ!» አለ። የተናገረው ሁሉ ሳቅ ሆኖ ቀረ፤ ከድርሰቱ አንድ መስመር አልተነካም።

ለምን እንዳልሠራ አልገባኝም። ያው ቃል፣ ያው ተቃውሞ። ቅዳሜ ጠዋት በቅሎ ተከራይቼ ወደ ገበሬው መንደር ሄድኩ።

እርሻቸው ዳር ድንጋይ እየለቀሙ አገኘኋቸው። ጠላ አስቀዱልኝ። ሚስታቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ እውነትም ጉልበታቸውን ሲነሡ በእጃቸው ይደግፉት ነበር። ድርሰቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረክሁላቸው። እንደ ድሮው «አይደለም» እስኪሉ ጓጉቼ ጠበቅሁ።

«እውነት ነው» አሉ። «ዛፉ አልቋል። መልካም ድርሰት ነው።»

ፊቴ ላይ የታየው ነገር አሳቃቸው። «ምነው? ልትጣዪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይ… እርስዎ ቢቃወሙት ብዬ ነበር።»

«ያላመንኩበትን እንዴት እቃወማለሁ? ያን ጊዜም የተናገርኩት አምኜበት ነው። ባላምን ኖሮ ያንን ሁሉ መንገድ በየሳምንቱ እመላለስ ነበር?» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺስ? ሁሉን ወደሽዋል?»

«አዎ» አልኩ፤ በጣም ፈጥኜ።

ሚስታቸው እንዝርታቸውን ሳያቆሙ በኽምጣንጋ አንድ ነገር አሉ። ገበሬው ሳቅ አሉና፣ «ቶሎ መለስሽ ነው የምትለው» አሉኝ።

ስመለስ በመንገዴ ሙሉ ያ ነገር አብሮኝ ተጓዘ። የማልወደው ነገር ነበረ፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነበረ። በየድርሰታችን መጨረሻ ላይ አንድ መምህር ይመጣና ሕዝቡን ይመክራል። በመጀመሪያው ዓመት በጭቅጭቁ መሀል ሳናስበው ወድቆ ቀርቶ ነበር፤ በሁለተኛው ተመለሰ፤ አሁንም አለ። አልተናገርኩም፤ ምክንያቱም መምህሩን ሁልጊዜ የሚጫወቱት ዲሬክተሩ ናቸው።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ድምፄ ቀጥኖ እኔኑ አስደነገጠኝ። «መምህሩ ይውጣ» አልኩ።

ዲሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔን ነው?»

«እርስዎን አይደለም ጋሼ፤ መምህሩን። ሰዎቹ ችግራቸውን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ለምን በየጊዜው እኛ መጥተን እንነግራቸዋለን?»

ቀልድ መስሎት የሳይንስ መምህሩ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ተወው። ዲሬክተሩ ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ፤ ዝውውር ልጠይቅ ሁሉ አስቤ ነበር።

በሳምንቱ ሲመጡ ግን ድርሰቱ በእርሳስ ተሰርዞ፣ ተጨምሮ፣ ተቀይሮ ነበር። «መምህሩ አይወጣም» አሉ። «ተሳስተሻል። መምህር የሌለበት ቴአትር በትምህርት ቤት አይደረግም። ነገር ግን…» መነጽራቸውን አደረጉ። «አንዲት ሴት ትጠይቀው። መክሮ ሲጨርስ፣ ‹እንጨት ካልቆረጥኩ ልጆቼን በምን አብስዬ ላብላ?› ትበለው።»

«እሱስ ምን ይመልሳል?» አለ የሳይንስ መምህሩ።

«እኔ እንጃ» አሉ ዲሬክተሩ። «ለአንድ ሳምንት አስቤበታለሁ። አላገኘሁም።»

ጸሐፊው፣ «እንግዲያው አይመልስ» አለ፤ ይህን በቃለ ጉባኤው ላይ ራሱ ጽፎታል። ከዚህ ተነሥተን መምህሩ ዝም ይበል አይበል ስንከራከር የምሳ ሰዓት አለፈ። ትሑቱ የወላጆች ተወካይ እንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ይሄስ ደግ አይደለም፤ ሹም ፊት ዝም ማለት ነውር ነው» ብለው ተነሡ። ሁላችንም ዞረን አየናቸው። አፍረው ሊቀመጡ ሲሉ ዲሬክተሩ፣ «ይቀጥሉ እንጂ፣ ይቀጥሉ!» አሏቸው።

በበዓሉ ቀን ዲሬክተሩ በኮታቸው ወጥተው መከሩ። ሴትየዋ ጠየቀቻቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። እጃቸውን ወደ ኮረብታው አነሡና መልሰው አወረዱት። ያን ያህል ጊዜ ሰው ፊት ዝም ብለው ሲቆሙ አይቻቸው አላውቅም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ኩበት!» ብሎ ጮኸ። ሌላው፣ «ኩበቱ ለማሳው አይደለም ወይ!» አለው። ከዚያ ወዲያ ማን ከማን ጋር እንደሚከራከር መለየት አልተቻለም፤ መጋረጃ ስለሌለን ቴአትሩ መቼ እንዳለቀ አይታወቅም።

ሰው ተበትኖ ወንበር ስንሰበስብ ዲሬክተሩ ወደ እኔ መጡ። ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

«ዝምታው ረዘመ እንዴ?» አሉኝ።

«ትንሽ ረዝሟል፣ ጋሼ።»

«ለሚቀጥለው ጊዜ እናሳጥረው?»

«አይ» አልኳቸው። «እኔስ ባይነካ እላለሁ።»

«እኔ ደግሞ ይጠር እላለሁ» አሉና ወንበሩን በሌላው ወገን ያዙልኝ፤ እየተከራከርን ወደ ክፍሉ አስገባነው።